ክቡር ሊቀ ጠያቂያን፣ የባሌ ወንድም

ለእያንዳንዱ አማኝ ቤት፣ ልክ እንደ ቆጣሪ አንባቢ፣ አንድ የማያምን ሰው ተመድቦለታል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ኖሬ ያየሁት ነው። በአንዱ ቤት ጎረምሳ ልጅ ይሆናል፣ በሌላው ቤት ጡረታ የወጣ አጎት ይሆናል፤ ብቻ አይቀርም። እውነተኛው ከሃዲማ አያስቸግርም። ስለ እግዚአብሔር ቢያነሡበት አዛግቶ ስለ ኳስ ያወራል። የእኔው ግን ጉድ ነው። አያምንም፤ ደግሞም አይተውም። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግማሹ ያለፈውን እሑድ ስብከት አንዲት ቃል አያስታውስም። እሱ፣ ያልነበረው፣ ሁሉንም ያስታውሳል። ያውም እኔ አዛብቼ የነገርኩትን።

እኚህ ሰው የባሌ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሥራቸው ቧንቧ ሠሪነት ነው፤ ሰፈሩም «ቧንቧው» ይላቸዋል። እኔ ግን የሚገባቸውን ማዕረግ ሳልነፍግ «ክቡር ሊቀ ጠያቂያን» ብዬ ሾሜአቸዋለሁ። ሹመቱን እሳቸው አያውቁም። በፊታቸው «አንተ ልጅ» ነው የምላቸው። ፀጉራቸው ከእኔ ቀድሞ ሸብቷል፤ ግን እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ልጅ ነበሩና በእኔ ዓይን ከዚያ ወዲህ አላደጉም። እንግዲህ አንቱታውን እዚህ ላይ ልተወው፤ ለዛሬ ይበቃቸዋል።

እሑድ እሑድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ይንኳኳል። የመሣሪያ ሻንጣውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ባዶ እጁን ቢመጣ ዘመድ ጥየቃ ይመስልበታል መሰለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በቀጥታ ወደ ማድቤት። ቧንቧውን ይከፍታል፣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም ያዳምጣል፣ ይዘጋል። «ደህና ነው» ይላል፤ ባለፈው ሳምንትም ደህና የነበረውን። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ወንበር ስቦ፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እትዬ፣ ለማወቅ ያህል ነው...»

ይቺን ስሰማ ጫማዬን መልሼ ማጥለቅ ያምረኛል።

«ለማወቅ ያህል ነው፣ ዛሬ ስለ ምን ተሰበከ?»

«ስለ ጽናት።»

«ስለ ጽናት ምን ተባለ?»

«መጽናት... ያስፈልጋል ተባለ።»

«ተኝተሽ ነበር።»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው!»

«ጉንጭሽ ላይ የወንበሩ እንጨት ምልክት አለ፣ እትዬ።»

እንግዲህ ሰማይና ምድርን ስለፈጠረው አምላክ የማስረዳው እንዲህ ያለሁት ሴት ነኝ። ጌታ ምስክር አጥቶ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር፤ አለዚያ ሰውየው ነገረኛ ብቻ ይመስላችኋል። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ደግ ሰው ነበር። ሚስት ሁሉ ባሏ ከሞተ በኋላ እንዲህ ትላለች፤ እኔ ግን በሕይወት ሳለም እል ነበር፣ ያውም ተቆጥቼበት። ቤተ ክርስቲያን ግን እግሩ አይረግጥም። እምነቴን አልተቃወመም፣ አልተሳለቀም። «መንገዱን እኔ እይዛለሁ፣ ጸሎቱን አንቺ ያዢው፤ ለሁለታችንም ይበቃል» ይለኝ ነበር። አንድ ማለዳ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ እንዳለ ቀና ሳይል ቀረ። አንዲት ቃል አልወጣውም። አመንኩ አላለ፣ ካድኩ አላለ። ጫማውን ነበር የሚያስረው።

ወንድሙ እሑድ እሑድ መምጣት የጀመረው ከቀብሩ በኋላ ነው። ስለ አዳም ይጠይቅ፣ ስለ ገሃነም ይጠይቅ፣ ስለ ንስሐ ይጠይቅ፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ ወንድሜ የት ነው? ይህን በአፉ አውጥቶት አያውቅም። እኔም አውጥቼ መልሼለት አላውቅም። መልሱን ባውቀውማ እኔ ራሴ በሰላም በተኛሁ። ስለዚህ ሁለታችንም ቁልፉ እንደጠፋበት ሰው በገዛ ቤታችን ዙሪያ እንዞራለን፤ እሱ በጥያቄ፣ እኔ በምሳሌ።

የምሳሌውን ነገር ያመጣብኝ የቤተ ክርስቲያናችን አስተማሪ ነው፤ መነጽር የሚያደርግ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ትሑት ወጣት። «እማማ፣ ሰውን በሙያው ያስረዱት» አለኝ። ልቤ ተነሣሣ። ሳምንቱን ሙሉ ቧንቧ ሳስብ ሰነበትኩ። መስታወት ፊት ቆሜም ተለማመድኩ። መስታወቱ ያለ አንዳች ጥያቄ አመነ።

እሑድ ደረሰ። «አንተ ልጅ፣» አልኩት፣ «ኃጢአት ማለት ከላይኛው ቤት እንደሚወርድ ውሃ ነው። ላይ ያለው ሰውዬ ቧንቧ ከፍቶ ሄደ እንበል። እሱ አዳም ነው። ውሃው ወለሉን ሰርስሮ የአንተን ኮርኒስ አበሰበሰው። አንተ ምንም አልከፈትክም፤ ቤትህ ግን በስብሷል። ኃጢአት መጥፎ መሥራት ብቻ አይደለም፤ በበሰበሰ ቤት መወለድም ነው።»

ዓይኑ በራ። እኔማ ያዝኩት ብዬ ነበር።

«ውሃው የሚወርደው በመገጣጠሚያው ነው ወይስ ቱቦው ራሱ ተበልቶ?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ኧረ እትዬ! መገጣጠሚያው ከሆነ ጥፋቱ የገጠመው ሰው ነው። ቱቦው ከተበላ ደግሞ የፋብሪካው ነው። የአዳም ቱቦ የማን ሥራ ነበር?»

«የእግዚአብሔር። ግን መልካም አድርጎ ነው የሠራው! አዳም በገዛ እጁ ነው የከፈተው።»

«ይሁን። ታዲያ ሠሪው ጥፋቱን ሲያይ ለምን ራሱ መጥቶ አይጠግንም?»

እዚህ ላይ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «መጣ እኮ! የምሥራቹ እኮ እሱ ነው! ሰው ቢልክ አልሆነም፤ ራሱ ወረደ፣ ከእኛ ጋር በበሰበሰው ቤት ኖረ፣ ኮርኒሱ በእሱ ላይ ተደረመሰ፣ እኛ ወጣን!» እንባዬ መጣ። በዕድሜዬ እንዲህ አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም።

ሊቀ ጠያቂያን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ቀና ብሎ ኮርኒሴን አየ፣ ወደ እኔ ተመለሰ።

«እና ለማወቅ ያህል ነው፣ ከጠገነው ለምን እስካሁን ያንጠባጥባል?»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም አልኩ።

መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ በሳምንቱ መካከል ነው፣ እጄ የሳህን አረፋ ውስጥ ሳለ። ያን ጊዜም መጣልኝ። እጄን እንኳ ሳላደርቅ ስልኩን አንሥቼ ደወልኩ። «ውሃው ቢቆምም የራሰ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም!» ብዬ ጮህኩ።  ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው፣ በጣም በትሕትና፣ «የትኛው ግድግዳ፣ እናቴ?» አለኝ። ቁጥር ተሳስቼ ነበር። ያ ሰው እስካሁን ግድግዳውን እያየ ይኖር ይሆናል።

ሌላ እሑድ ደግሞ አዳም ሰለቸው።

«የአዳምን ሰማን። የራስሽን ንገሪኝ።»

«የራሴን ምን?»

«ኃጢአት። ሁሉም ኃጢአተኛ ነው ትያለሽ። አንዷን አሳዪኝ።»

አሰብኩ። «ሰውን አልወድም እንዳልል... መቼም ለሰው ስጨነቅ ራሴን እጎዳለሁ።»

«ይሄ ኃጢአት አይደለም፣ ራስን ማሞገስ ነው። ሌላ።»

«የላይኛይቱን ጎረቤቴን አላናግራትም።»

«ለምን?»

«ያጠበችውን ሳትጨምቅ ታሰጣለች። የእኔን የደረቀ ልብስ ታረጥበዋለች።»

«ይቅር በሉ አይልም መጽሐፋችሁ?»

«ይላል እንጂ! እሷ መጥታ ይቅርታ ትጠይቃ!»

ሻንጣውን በእግሩ ገፋ አደረገ። «አምላክሽ እናንተ ይቅርታ እስክትጠይቁት ጠበቀ ወይስ ቀድሞ መጣ?»

አያችሁ! ይኼን እኔው ነኝ ያስተማርኩት። በገዛ ሚስማሬ ቸነከረኝ። እያጉረመረምኩ ደረጃውን ወጣሁ። በሩን እንደከፈተች፣ እኔ ትንፍሽ ሳልል፣ «እኔም ሰልችቶኛል!» ብላ ጀመረችልኝ። እስኪደክማት ቆሜ ሰማሁ። ልብሱ ብቻ አልነበረም ለካ፤ በር ስዘጋ አጯጩሄ ነው፣ ራዲዮዬም ያደነቁራል። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» ስላት ደንግጣ በሩን ዘጋችብኝ። ቆይታ ከፈተችው። አሁን ልብሷን አብረን እንጨምቃለን። ይህንኑ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቼ መሰከርኩ። «አንድ ወንድም ገሠጸኝ» አልኩ። የትኛው ወንድም እንደሆነ ሲጠይቁኝ ያስለኝ ጀመር።

ከሁሉ ያንገበገበው ግን ከጌታ ጋር አብሮ የተሰቀለው ወንበዴ ነው።

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በሰው መታጠቢያ ቤት ተንበርክኬ ልኑር። ያኛው ሲሰርቅ ይኑር። በመጨረሻዋ ሰዓት አስበኝ ስላለ እኩል?»

«እኩል።»

«ይሄ ፍትሕ ነው?»

«ፍትሕ አይደለም፣ ምሕረት ነው። በፍትሕማ ቢሆን እኔም አንተም አለቀልን። መዳን ደመወዝ አይደለም፣ ስጦታ ነው። የተዘረጋ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ለራሴ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን አልተከራከረም። መፍቻውን በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«ወንበዴው ጮክ ብሎ ነው የተናገረው?»

«አዎ።»

«ሰው ሰምቶታል።»

«አዎን።»

«ባይሰማውስ? በልቡ ብቻ ቢሆንስ? ለመናገር ጊዜ ቢያጣ፣ እትዬ... ጎንበስ እንዳለ ቢሆንስ?»

ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመርኩ። እሱም መልስ አልጠበቀም፤ ተነሥቶ ማድቤት ገባና ደህና የነበረውን ቧንቧ ፈቶ መልሶ ገጠመው። ሳምንቱን በሙሉ አንጠባጠበ። በሙያው እንዲህ ሲያበላሽ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባልዲ ከሥሩ አስቀመጥኩ እንጂ አልጠራሁትም።

ብቻዬን እንደማልችለው ገባኝ። ከባድ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፤ አስተማሪውን ምሳ ጠራሁት። በሁለቱ መካከል እንደ ዳኛ ተቀመጥኩ። ሊቀ ጠያቂያን የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል። ሰላምታ እንኳ ሰጠ። ምሳው እስኪያልቅ ስለ ውሃ መቋረጥ፣ ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። «ዛሬስ በደህና ተወጣሁት» ስል ሊቀ ጠያቂያን ሹካውን አስቀመጠ።

«መምህር፣ ወንድሜ የት ነው?»

ያለ ምንም «ለማወቅ ያህል»። እንዲሁ።

አስተማሪው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሳህኔ አየሁ።

«ወንድምዎ አማኝ ነበሩ፣ ጋሼ?»

«አላውቅም። ሾፌር ነበር።»

ወጣቱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።  «ልዋሽዎት አልፈልግም» አለ። «ያለ ክርስቶስ መዳን የለም ብለን ነው የምናምነው። ልብን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ስለ አንድ ሰው ፍርድ መስጠት አልችልም። ነገር ግን በሕይወቱ ሳለ ያልተቀበለ ሰው ተስፋ አለው ብዬ አላስተምርም። እንዲህ አልተማርኩም።»

እውነቱን ነው። ይህን መልስ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ስለማላውቃቸው ሴቶች ባሎች። ስለ ሌላው ባል ሲሆን እንዴት ያለ ግልጽ መልስ ነበር! አሁን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጠረጴዛውን ተደግፌ ቆምኩ።

«ቆይ እስቲ አንተ መምህር! ጫማውን እያሰረ ያለ ሰው መቼ ይቀበል? በየት በኩል?»

«እማማ...»

«አሮጊት እስክትቀመጥ ድረስ አውቶቡስ አስነሥቶ አያውቅም! ተሳፋሪው ይጮህበታል፣ እሱ በመስታወት እያየ ይጠብቃል! ይሄስ?»

«እማማ፣ ሰው በሥራው አይድንም፤ እርስዎም...»

«ሥራውን አይደለም የምልህ!» አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ «ሥራውን ነው የምልህ! እኔ ለሁለት ሰው የጸለይኩትስ? ግማሹ የት ወደቀ? እንዲህ ያለውን ሰው ውጭ ትቶ እኔን፣ የምተኛውን፣ ቤት የሚያስገባኝ ለምንድን ነው? እኔስ ገብቼ ምን ልሠራ?»

 ስንት ዓመት ለእምነቴ ጥብቅና ቆሜ፣ በአንድ ምሳ ከከሳሹ ወገን ሆንኩ።

«እትዬ፣ ተቀመጪ» አለ የባሌ ወንድም። «መምህሩ ልክ ናቸው።»

«ምን?»

«አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? ደመወዝ አይደለም አላልሽም? ታዲያ ወንድሜን በአውቶቡስ አታስገቢው።» ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድሜ ይቅርታ ሳይጠይቅሽ የተውሽለት ነገር አለ?»

«ኧረ ምኑ ተቆጥሮ! ይቅርታ መጠየቅ መቼ ያውቅበታል!»

«ዝም ብለሽ ተውሽለት?»

«ዝም ብዬማ አይደለም፤ እየተቆጣሁ ነው የተውኩለት።»

«ለምን ተውሽለት?»

«ባሌ ነዋ።»

«የአንቺስ አምላክ፣ ያ ቀድሞ የመጣው፣ ከአንቺ ያንሳል?»

ተቀመጥኩ።  አስተማሪው መነጽሩን አድርጎ ሰውየውን አየው።

«አያንስም» አለ፣ በዝግታ። «ያን ያህል ግን አውቃለሁ።»

«በሉ እንግዲህ» አለ የባሌ ወንድም፣ ሹካውን እያነሣ። «እኔ አላምንም። ግን በትንሽ አምላክ ከማመን በትልቁ አለማመን ይሻለኛል። ሰላጣው ጨው ያንሰዋል።»

እስቲ አስቡት። ይኼ ሁሉ እሑድ፣ ይኼ ሁሉ ምሳሌ፣ የመስታወቱም ልምምድ፤ በመጨረሻ ስለ አምላኬ ያስረዳኝ የማያምነው ሆነ። ያውም እኔው በነገርኩት ቃል። እኔ እንኳ ያልሰማሁትን ራሴን ሰምቶኝ ነበር።

ጥያቄው ተመለሰ አልልም። አስተማሪው ያለው እውነት እንደሆነ አምናለሁ። የባሌ ወንድም ያለውም ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሁለቱ በአንድ ቤት እንዴት እንደሚኖሩ አላውቅም፤ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ብቻ አሁን እተኛለሁ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በአልጋዬ።

ቀጣዩ እሑድ ግን አስፈራኝ። ያቺ ጥያቄ ከወጣች፣ ከእንግዲህ ምን ብሎ ይመጣል? ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። በሩ አልተንኳኳም። ራዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ምን ሆኜ ነው ይኼን ሁሉ ዓመት የሰውየውን መምጣት እንደ መርፌ ስፈራ የኖርኩት? ባዶ እግሬን ወጥቼ ደረጃውን ቁልቁል አየሁ። የደረጃውን ብረት ይዞ፣ በታመመ ጉልበቱ፣ አንድ በአንድ እየወጣ ነው።

«አንተ ልጅ! ምን ቀረህ ደግሞ?» አልኩ፣ ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ተቆጥቼ።

ቆሞ ተነፈሰ። «ስለ መላእክት» አለ፣ «እስካሁን ማንም በደንብ አልነገረኝም።»

ስለ መላእክት የማውቀው ክንፍ እንዳላቸው ብቻ ነው፤ እሱንም ከሥዕል ነው። ግን ግባ አልኩት።

ማታ ማታ ስለ እሱ እጸልያለሁ። ድሮ «ጌታ ሆይ፣ ልቡን ክፈትለት» እል ነበር። አሁን እንዲህ እላለሁ፤ ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው አንድ ቀን መድረሱ አይቀርም፣ ጉልበቱ እንደሆነ አያስቸኩለውም። ሲመጣ ይጠይቅሃል፤ አትቆጣው፣ ከክፋት አይደለም። ሁሉንም ደግሞ በአንድ ጊዜ አትመልስለት። ዘላለም ረጅም ነው፤ ሥራ ይፈታል።

ለእኔ ግን የዚያችን የአንዷን ጥያቄ መልስ፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ንገረኝ።